በጥልቀት የሚዋዥቅ የሺር ሞገድ ፍጥነት

የህብረ ሕዋስን ግትርነት በአልትራሳውንድ ለመለካት ስለማመድ የገጠመኝን ችግር መፍታት ስላልቻልኩ የባለሙያዎችን እገዛ በትሕትና እጠይቃለሁ። የህብረ ሕዋስ ምትክ በሆነ ወጥ የጄላቲን አምሳያ ውስጥ የግፊት ጨረሩን፣ ማለትም ጄላቲኑን ገፍቶ የሚያንቀሳቅሰውን የአልትራሳውንድ ምት፣ 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ሳሳርፍ ከዚያ ወደ ጎን የሚሰራጨው የሺር ሞገድ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጥግግቱን በሜትር ኩብ 1000 ኪሎግራም ወስጄ በፍጥነቱ ካሬና በ3 ሳባዛውም 12 ኪሎፓስካል አገኛለሁ። 6 ሴንቲሜትር ላይ ግን ፍጥነቱ ከ1.6 እስከ 2.7 ይዋዥቃል፤ ካሬው ስለሚወሰድም ግትርነቱ ከ8 እስከ 22 ኪሎፓስካል ይዘልላል። ጄላቲኑ እኩል አልረጋም ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ ሆኖም ገልብጬ ስለካው መዋዠቁ እዚያው ጥልቀት ላይ ቀረ። ታዲያ ጨረሩ እየደከመ የሞገዱ ንቅናቄ ከመለኪያው ረብሻ በታች ወርዶ ይሆን፣ ወይስ ከዕቃው ግድግዳ የሚንጸባረቀው ሞገድ ከዋናው ጋር እየተደባለቀ? የሚንጸባረቀውን ሞገድ በአቅጣጫው ለይቶ የሚያስወግድ የኮምፒውተር ማጣሪያ ለመጻፍ ከመድከሜ በፊት ሁለቱን በምን ሙከራ ልለያቸው እንደምችል ብትጠቁሙኝ ባለውለታችሁ ነኝ።