ስለ ድምፅ ትወና የተሠሩ ዳሰሳዎች እኛን ይመለከቱናል?

ማርቆስ ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ማርቆስ መምህርት ነኝ። ማስታወቂያና ትረካ መሥራት እፈልጋለሁ፤ እስካሁን የሠራሁት ለሠርግ ቪዲዮና ለአንድ ሱቅ ብቻ ነው። ሰሞኑን የውጭ አገር ድምፅ ተዋንያን ስለ ሥራቸው የሞሏቸውን መጠይቆች ውጤት ሳነብ ከረምኩ። አብዛኛው በግሉ ነው የሚሠራው፣ እቤቱ ነው የሚቀዳው፣ በዚህ ሥራ ብቻ የሚተዳደረው ደግሞ ጥቂት ነው። ይሄ ለእኛም ይሠራል? ማስተማሩን ትቼ ልግባበት ወይስ ጎን ለጎን ልሞክረው? የሠራችሁበት ሰዎች እስቲ ንገሩኝ።

ከባሕር ዳር፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መጠይቁን ማን ሞላው ብለሽ ጠይቂ። የሚላከው ለማኅበር አባላት ወይም ለአንድ ድረ ገጽ ደንበኞች ነው። ሞክሮ የተወው ሰው አይሞላውም፤ ስለዚህ ገቢው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ቁጥሩ አያጓጓም። የአሜሪካው ሳግ-አፍትራ የፊልምም የድምፅም ተዋንያን ያሉበት ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት ከሙያው በዓመት 26,470 ዶላር ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛው አባል እዚያ አይደርስም።

የዶላሩን ነገር ለጊዜው ተይው። የአማዞኑ ኤሲኤክስ፣ ደራሲና ተራኪ የሚገናኙበት ማለት ነው፣ የሚመዘግበው የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳና የአየርላንድ ነዋሪዎችን ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠሽ በዚያ በር አትገቢም።

የሥራው ጠባይ ግን እዚህም ያው ነው። የኦዲዮ መጽሐፍ ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተስተካክሎ ባለቀው ሰዓት ነው። አንድ ያለቀ ሰዓት ለማውጣት ማንበቡ፣ መልሶ መስማቱ፣ የተበላሸውን ደግሞ መቅዳቱና ኤዲቱ ተደማምሮ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። «በሰዓት ይህን ያህል» ሲሉሽ የቱ ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ። ለኦዲሽን፣ ለሥራው ለመመረጥ ማለት ነው፣ የምታነቢው ደግሞ በነፃ ነው፤ ብዙውን ጊዜሽን የሚበላው እሱ ነው።

ስለ ቀረጻ ቦታ፦ ኤሲኤክስ በንግግርሽ መሃል ያለው ዝምታ ከ-60 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ የጀርባ ድምፅ እምብዛም አይሰማ ማለት ነው። በእኛ አገር ክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሄ አይታሰብም። እኔ የምቀዳው ሌሊት ነው፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፊቴን ወደ ልብሱ አዙሬ፣ ከኋላዬ ቡልኮ ሰቅዬ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀኑ የተቆረጠ ሥራ አልቀበልም።

የድሮ ሬዲዮ፦ ልጄ፣ ማስተማሩን እንዳትለቂ። ወጋየሁ ንጋቱን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በሬዲዮ ትረካው ነው፤ ሰውየው ግን የመድረክ ተዋናይም ነበር። በእኛ አገር ድምፅ ሁልጊዜ ከሌላ ሥራ ጋር ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነ፤ ሥራው ግን አዲስ አበባ ነው፣ ስቱዲዮ ድረስ መሄድ አለ። እዚያ ስትደርሺ አነጋገርሽን አስተካክዪ የሚልሽ አይጠፋም። ለዜና ይሁን። ለገጸ ባሕርይ ግን የጎጃም ሴት ስትጫወቺ ያ አነጋገር ሀብትሽ ነው፤ እንዳትጥዪው።

ማርቆስ ነኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምክርዎን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። አንድ ድርጅት ብዙ ዓረፍተ ነገር አንብቢልን፣ አንዴ እንከፍልሻለን ብሎኛል። ለምን እንደሚፈልጉት አልነገሩኝም። ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ለማሠልጠን ይሆን?

ውል አንባቢ፦ እስኪነግሩሽ ድረስ አትፈርሚ። ታሪክ የሌለው፣ የተበታተነ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ማሽን ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ድምፅ ተዋንያን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወደ አስራ አንድ ወር ሥራ ያቆሙት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ናቫ የሚባለው የድምፅ ተዋንያን ማኅበርም አባል ላልሆነ ሰው ጭምር የሚጠቅም፣ ድምፅን ለኤአይ መጠቀምን የሚከለክል የውል አንቀጽ አዘጋጅቷል።

በጽሑፍ ጠይቂያቸው፦ ለምን ይውላል፣ ለስንት ዓመት፣ እንደኔ የሚናገር ማሽን ትሠሩበታላችሁ ወይ፣ ለሌላ ትሸጡታላችሁ ወይ። «ለማንኛውም አገልግሎት፣ ያለ ጊዜ ገደብ» የሚል ካለበት ይሰረዝልኝ በይ። እንቢ ካሉ ገንዘቡ ቢያጓጓም ተዪው፤ የአንድ ቀን ሥራ ሳይሆን ድምፅሽን ነው እየገዙ ያሉት። ውሉ ሲደርስሽ ስሞቹን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።