ካሮት ኬኬ ለምን ደረቀብኝ? ክሬሙስ በድሬ ሙቀት እንዴት ይቆማል?

የሳቢያኗ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ 7 ዓመት ሞላት። «ኬክ ቤት አትዘዙ፣ እኔ እሠራለሁ» ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግሬ ነበር። የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ፣ የት እንደሳትኩ የምታውቁ ንገሩኝ። በሚቀጥለው ወር እናቴ 60 ዓመት ይሞላታል፤ ለእሷም መሥራቴ ስለማይቀር አሁን መማር አለብኝ።

ልጅቷ የፈለገችው ካሮት ኬክ ነው፣ ነጭ ክሬም የተቀባ። ጅቡቲ አክስቷ ጋ ሄዳ አንድ ጊዜ በልታ ከዚያ ወዲህ ከአፏ አይጠፋም። ዓርብ ጠዋት ቀፊራ ወርጄ ከሐረማያ ከሚያመጡት ሴቶች ካሮት ገዛሁ። ለመፈቅፈቅ ይመቸኛል ብዬ ወፋፍራሙን መረጥኩ። ቤት ገብቼ ስፈቀፍቀው ውሃው ሳህኑ ላይ ተጠራቀመ። ሊጡን ያቀጥንብኛል ብዬ ፈራሁና በነጠላ ጠቅልዬ አጥብቄ ጨመቅኩት። አንድ ብርጭቆ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብርቱካናማ ውሃ ወጣው፤ ልጆቹ ጠጡት።

250 ግራም የገበታ ቅቤ ከስኳር ጋር መታሁ፣ 4 እንቁላል ጨመርኩ። ዱቄቱን ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክሬ፣ ጠቅጠቅ አድርጌ ነው የሰፈርኩት፣ 2 ኩባያ ተኩል። ሶዳ 2 የሻይ ማንኪያ። ሁሉንም በሚክሰር 10 ደቂቃ ያህል መታሁት። ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጌ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆየሁት።

አናቱ ተሰነጠቀ፣ ዳሩ ብስኩት ሆነ፣ ቢላ ሲነካው ተፈረፈረ። ውስጡ ደግሞ አንዳንዱ የካሮት ክር አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት፤ የተበላሸ መስሎኝ ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት እኔ ቀምሼ ቆየሁ።

ክሬም ቺዝ ፍለጋ አምስት ሱቅ ዞርኩ፣ የለም። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ቺዝ ሁለት ካርቶን ገዛሁ። ስኳሩን በብሌንደር ፈጭቼ፣ ቺዙን፣ ቅቤውንና ስኳሩን አንድ ላይ አድርጌ መታሁ። መጀመሪያ ላይ ወፍራም ነበር። ስመታው የባሰ ይጠነክራል ብዬ ስቀጥል ጭራሽ ቀጠነ። ኬኩ ገና ለብ እንዳለ ቀባሁት፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ በባጃጅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ኬኩ ጭኔ ላይ። መጀመሪያ አናቱ ላይ ያለው ክሬም ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለው ቀስ እያለ ወርዶ ካርቶኑ ላይ ተኛ። ጣቴን ሳስነካው እንደ አጥሚት ይፈስሳል። ስደርስ ልጅቷ ካርቶኑን ከፍታ አየችና «ክሬሙ የት ሄደ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያቺ ጥያቄዋ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እና ምን አጠፋሁ? ክሬም ቺዝ ሲጠፋስ በምን ይተካል?

የከዚራው ጋጋሪ

እህቴ፣ አይዞሽ። 11 ዓመት ኬክ ቤት ሠርቻለሁ፤ የነገርሽኝን ሁሉ በእጄ አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

ከነጠላው ልጀምር። ካሮት ከ100 እጅ 88 ያህሉ ውሃ ነው። ለካሮት ኬክ እርጥበት የሚሰጠው እሱ ውሃ ነው፤ ኦቨን ውስጥ ቀስ እያለ ከክሩ እየወጣ ሊጡን ያረጥበዋል። አንቺ እሱን ለልጆቹ አጠጥተሽ ገለባውን ነው የጋገርሽው። ከእንግዲህ እንዳትጨምቂ። የመፈቅፈቂያውን ደቃቁን ጎን ተጠቀሚ፤ ወፍራም ክር ሳይበስል ይቀርና ጥርስ ላይ ይንገጫገጫል። ካሮቱንም ቀጭኑን፣ እንደ ጣት ያለውን ምረጪ፤ የወፍራሙ እምብርት እንጨት ነው፣ ጣዕምም የለውም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆንባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ማለት ነው፣ ኬክና ፑዲንግ የሚያጣፍጡት በካሮት ነበር። ጣፋጩ ካሮት ማለት ቀጭኑ ነው።

ሁለተኛው ቅቤው ነው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ኬኩም አብሮት ይጠነክራል። ዘይት ግን ቀዝቅዞም ፈሳሽ ስለሆነ ኬኩ በሦስተኛው ቀን እንኳ ለስላሳ ነው። የሱፍ ዘይት አድርጊ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ግን አደራ፤ ፍሪጅ ገብቶ ሲወጣ እንደ ቅቤው ነው የሚሆንብሽ።

እኔ የምሠራበት ልክ ይኸው፦ ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም። ሚዛን ከሌለሽ ዱቄቱን በማንኪያ እየበተንሽ 2 ኩባያ ሙዪና አናቱን በቢላ ጥረጊው፤ ጠቅጥቀሽ ስትሰፍሪ ከሩብ በላይ ትርፍ ዱቄት ይገባል፣ ያ ብቻውን ኬክ ያደርቃል። ስኳር 300 ግራም፤ ቡናማውን ካገኘሽ ግማሹን በእሱ ተኪው፣ እርጥበት ይይዛል። ዘይት 1 ኩባያ፣ እንቁላል 4፣ ደቃቅ ካሮት ከ300 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ። ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሶዳ 1፣ ጨው ግማሽ፣ ቀረፋ 2። አረንጓዴው ክር የመጣው ከሶዳው ነው፤ ሲበዛና ዱቄቱ ውስጥ በደንብ ሳይበተን ሲቀር ካሮቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ቢበላም አይጎዳም። ዱቄቱንና ሶዳውን አብረሽ ንፊ።

እንቁላሉን፣ ስኳሩንና ዘይቱን የፈለግሽውን ያህል ምቺ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን ሚክሰሩን አስቀምጪው። የእንጨት ማንኪያ ያዢና ነጩ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አገላብጪ፣ ከዚያ ካሮቱን። ዱቄት ገብቶ 10 ደቂቃ ከተመታ የዳቦ ሊጥ ነው የሆነው።

175 ዲግሪ፣ ሁለት 23 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ። በ28ኛው ደቂቃ ስቴኪኒ ውጊበት። ትንሽ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ አውጪው፤ ፍጹም ደርቆ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው አሳልፎታል።

ክሬሙን ደግሞ አንድ ላይ መምታትሽ ነው ያፈሰሰው። ስኳር ከቺዝ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ በመታሽው ቁጥር ይቀጥናል እንጂ አይጠነክርም። መጀመሪያ 115 ግራም ለስላሳ ቅቤ ከ300 ግራም ዱቄት ስኳር ጋር እስኪነጣ ምቺ። ከዚያ 225 ግራም ክሬም ቺዝ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ቀዝቃዛውን፣ ጨምሪና እስኪዋሃድ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቺዝ አቅልጠው እንደገና ያረጉት ነው፣ ጨውም አለው፤ ለዚህ አይሆንም። ስኳሩን ቤት ከፈጨሽው 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች ጨምሪበት፤ የሱቁ ዱቄት ስኳር ስላለበት ነው የሚይዘው።

ሙቀቱን ግን በብልሃት ካልሆነ በክሬሙ አሠራር ብቻ አታሸንፊውም። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የእኛ ግንቦት ቀን 9 ሰዓት ላይ ስንት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ኬኩን እርቃኑን ውሰጂው፣ ክሬሙን በበረዶ ሳጥን ለብቻው፣ እዚያው ደርሰሽ ቀቢ።

የጁገል እናት

አንቺ ልጄ፣ ክሬም ቺዝ የለም ብለሽ አትዘኚ። እኔ ሐረር ተወልጄ ልጆቼን ሁሉ የዳርኩት እዚሁ ጁገል ውስጥ ነው፤ ለሠርጉም ለዒዱም ይህን ክሬም በእርጎ ስሠራ ኖሬያለሁ።

ውሃ ያልገባበት ወተት 2 ሊትር አርጊ። ሲረጋ ንጹህ ነጭ ሻሽ ወንፊት ላይ አንጥፈሽ ገልብጪው፣ ከስር ጎድጓዳ ሳህን፣ አናቱን ሸፍነሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ውሃው ከስር ወርዶ ሻሹ ላይ ወፍራም፣ ማንኪያ የሚያቆም ነገር ታገኛለሽ። ሻሹን ሰብስበሽ አንዴ እንደገና ጠምዝዢው። ጎምዘዝ ማለቱ ከካሮቱ ጣፋጭ ጋር ይስማማል። ከሱቁ ቺዝ ይልቅ ላላ ስለሚል ስኳሩን አታብዢ፣ ቅቤውን ግን ልጁ እንዳለሽ አድርጊ።

አይብ ይሆናል የሚሉ አሉ። ይሆናል፣ ግን አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ የሚሠራው ደረቅና ፍርፍር ነው። በብሌንደር ከትንሽ እርጎ ጋር እስኪለሰልስ ካልፈጨሽው ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ነው።

ዋልነትም አትፈልጊ። የባቢሌ ለውዝ እያለልን! ቆልተሽ፣ በግርድፉ ወቅጠሽ ሊጡ ውስጥ አንድ እፍኝ።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ እንዳትዪኝ፣ እኔ ኦቨን ሳይኖረኝ ነው የጀመርኩት። ወፍራም ድስት፣ ከስሩ ሳህን ገልብጦ፣ በላዩ መጋገሪያውን፣ ክዳኑ ላይ ከሰል። ከታች ያለው እሳት ከላይኛው ያንሳል፤ ልክ እንደ ደፎ ዳቦ። ክዳኑን እስከ 30 ደቂቃ አትንኪው። ጠረኑ ሲወጣ ነው የምታውቂው፤ ቀረፋው መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ስኳሩ። ስኳሩ ሲሸት ክፈቺ።

ደንገጎ ላይ

እኔም ይህን የድሬውን ልክ ይዤ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር እህቴ ቤት ስሠራው መሃሉ ሰመጠ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል፤ አየሩ ሲሳሳ ሊጡ ቶሎ ያብጥና ሳይጠነክር ይወድቃል። ሐረር የምትሠሩ ፓውደሩንም ሶዳውንም ከሩብ እስከ ሲሶ ቀንሱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሩ። ለጾምስ ያለ እንቁላል የሠራ አለ?

የከዚራው ጋጋሪ

ለጾም በእንቁላሉ ፈንታ 1 ኩባያ ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። ኮምጣጤው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ያነሳዋል፣ ስለዚህ ወዲያው ኦቨን መግባት አለበት። ክሬሙን ተዪው፣ ዱቄት ስኳር በሎሚ በጥብጠሽ አፍስሺበት።

የሳቢያኗ

ተመልሻለሁ። ዛሬ በግማሽ ልክ ሞከርኩት፣ ለእናቴ ከመድረሱ በፊት።

ካሮቱን እንዳለ ከነውሃው ጨመርኩ። ሊጡ በጣም ቀጭን ሲሆን እጄ ነጠላውን ፍለጋ ሄዶ ነበር፤ ተውኩት። በ29ኛው ደቂቃ ስቴኪኒው ሁለት ፍርፋሪ ይዞ ወጣ፣ አወጣሁት። አናቱን በጣቴ ጫን ሳደርገው ገብቶ ተመለሰ። ስቆርጠው ቢላው ላይ እርጥብ ነገር ቀረ፣ አንድም አረንጓዴ ክር የለም። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ብርቱካናማ ክር ጣል ጣል ያለበት።

እርጎውን፣ እማ፣ እንዳልሽኝ አሳደርኩት። 2 ሊትሩ ያን ያህል ያንሳል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ከስር የወረደውን ውሃ አይቼ ወተቱ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ማንኪያው ቆመ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ፣ ቤቱ ሳይግል፣ ቅቤና ስኳሩን መትቼ እርጎውን በመጨረሻ አስገባሁ። በበረዶ ሳጥን ክሬሙን፣ በፌስታል ኬኩን ይዤ ጠዋት 2 ሰዓት ገንደ ቆሬ። ልጅቷ ፊት ቀባሁት። ማንኪያውን ነጥቃኝ ጎኑን ራሷ ጨረሰችው፤ የእጇ መንገድ ሁሉ ክሬሙ ላይ ቀርቶ ይታያል፣ አልፈሰሰም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እናቴ የጥርስ ሕመም አለባት፣ ለውዙን ግን ትወዳለች። ሊጡ ውስጥ ባላደርገው ጣዕሙ ይጎድላል?

የጁገል እናት

አይጎድልም። ቆልተሽ ልጣጩን አሽተሽ አራግፊ፣ እንደ ቡና አድቅቀሽ ፍጪውና ከክሬሙ ጋር አዋህጂው። ለሷ የሚቆረጠውን ከመሃል አድርጊላት፣ መሃሉ ነው የሚለሰልሰው። እንኳን ለ60 አደረሳት በዪልኝ።