የነርቭ ሐኪሞች ከፍተኛ ሥልጠና፦ በረቂቁ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ አንቀጹ አሁን እንዲህ ይነበባል፤ «የነርቭ ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪም በአንድ ዓመት ውስጥ በስትሮክ፣ በሚጥል በሽታ፣ በፓርኪንሰንና መሰል ሕመሞች፣ እንዲሁም በነርቭና በጡንቻ ምርመራ ከፍተኛ ሥልጠና ይወስዳል።» ረቂቁ ከመላኩ በፊት አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሚጥል በሽታ ሐኪም፦ አራቱን በአንድ ዓመት? ይህማ ጉብኝት እንጂ ሥልጠና አይሆንም። በሚጥል በሽታና በኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚቀዳው ምርመራ፣ ብቻ እንጀምር። በኢኢጂ ላይ ሹል ሞገድ ማየት አይከብድም፤ የሚከብደው አይቶ «ጤናማ ነው» ብሎ መፈረም ነው። ሰው ሲያንቀላፋ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል የሚታዩ፣ የበሽታ ምልክት የሚመስሉ ግን ጉዳት የሌላቸው ሞገዶች አሉ። ልምድ የሌለው አንባቢ በሽታ ይላቸዋል፤ በልብ ምት መዛባት ራሱን ስቶ የወደቀው ሰውም ለዓመታት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲውጥ ልቡን የሚመረምርለት አያገኝም። በአንጻሩ አንድ ኢኢጂ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ የሚጥል በሽታ የለም ማለት አይቻልም። በጀማሪነቴ ሁለቱንም ስህተት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ምዘናው በተነበቡ የኢኢጂ ቅጂዎች ብዛት ብቻ አይሁን፤ ጤናማና አሳሳች ቅጂዎች የተቀላቀሉበት ፈተና ይኑር።

የስትሮክ ሐኪም፦ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እንዲህ የሚያጣድፍ ሕመም ተራ ይጠብቅ ማለት ይከብደኛል።

የሚጥል በሽታ ሐኪም፦ ይገባኛል። ያን ሰዓት የሚያተርፈው ግን አንድ ሐኪም ብቻውን አይደለም፤ ከአምቡላንሱ እስከ ሲቲ ስካን ክፍሉ ያለው ሁሉ አብሮ መሠልጠን አለበት። የራሱ ረቂቅ ይገባዋል።

የስትሮክ ሐኪም፦ እንግዲያው እሱን እኔ አዘጋጃለሁ።

ወጣት አባል፦ ስፔሻሊስቱ ዓመት ሙሉ ሲለቅ በሽተኞቹን ማን ያያል? ቅጂዎቹ በኮምፒውተር የሚላኩ ስለሆኑ፣ ባለበት ሆኖ ከአሠልጣኙ ጋር በየሳምንቱ ቢያነብስ?

የሚጥል በሽታ ሐኪም፦ ለሁለተኛው አጋማሽ እስማማለሁ፤ የመጀመሪያው ስድስት ወር ግን በአካል ይሁን። ሰውነቱ ሳይንቀጠቀጥ አንጎሉ ውስጥ የሚጥለው ሕመም የቀጠለበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኛ ሳምንታዊ ስብሰባ አይጠብቅም።

የኢኢጂ ቴክኒሻን፦ ስለ እኛ አንድ መስመር እንኳ አላየሁም። ሞገዱን ለመቅዳት ራስ ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ያለ ቦታው ከተለጠፈ ማንም ቢያነብበው ዋጋ የለውም።

ሰብሳቢ፦ እውነትዎን ነው። የተስማማንበትን አስገብቼ አንቀጹን አሻሽላለሁ፤ የቴክኒሻኖችን ሥልጠና የሚመለከተውን እርስዎ ቢጽፉልን?

የኢኢጂ ቴክኒሻን፦ እጽፋለሁ። ሐኪሞቹም ኤሌክትሮድ መለጠፍ ይማራሉ የሚል ዓረፍተ ነገር ግን እጨምርበታለሁ።