የመንገድ ዳር ጉሊትና የማሳ ደጅ ሽያጭ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ በምን ይመዝገብ? (ከሐይቅ እስከ መርሳ)

የመርሳ ልጅ (ጥያቄ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ተወልጄ ያደግኩት መርሳ ነው፤ አሁን ሐይቅ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ማንም ሰው ሊሞላውና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የውኃ ቦኖ መሙላት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በዚህኛው ጉዳይ ግን ሐሳቤ ተከፋፍሏልና የምታውቁ እርዱኝ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ በየሳምንቱ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጌ መርሳ እመላለስ ነበር። ከመንገድ ዳር ሲሸጥ ያየሁትን ሁሉ በሚኒባሱ መስኮት ስልኬ ላይ ምልክት እያደረግሁ፣ ማታ ካርታው ላይ አሰፍረው ነበር። 23 ቦታ ሆነ። ሁሉንም «ሾፕ=ፋርም» (የእርሻ ሱቅ) አልኩት፤ የሚሸጠው የገበሬ ምርት ስለሆነ ሌላ አልታየኝም። (የቦታውን ዓይነት የሚናገሩትን እነዚህን መለያዎች እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ ነው፤ ካርታው ላይ የሚሞሉት በላቲን ነው።)

ጥቅምት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ዘጠኙን አጠፋቸው። «በአየር ፎቶው ሱቅ አይታይም፤ ሄጄም ምንም አላገኘሁም» ብሎ ጽፏል። በጣም ከፋኝና በሳምንቱ ወርጄ አየሁ። ሰባቱ ላይ እውነቱን ነው። በለስ እየላጡ ይሸጡ የነበሩት ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የቀረው የተቀመጡበት ድንጋይና የደረቀ ልጣጭ ነው። ሁለቱ ግን በጋ ከክረምት የማይነሱ ጉሊቶች ናቸው። አንደኛው እናቴ ፓፓያና ማንጎ እየቸረቸረች እኔን ያስተማረችበት ነው። ከካርታው ጠፍቶ ሳየው አለቀስኩ።

ረጋ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው። ለማይገናኙ ነገሮች አንድ ስም ሰጥቻለሁ። ከመርሳ ወጣ ብሎ አንድ አባት አሉ፤ የማሳቸውን አጥር ከፍተው ብርቱካን ይሸጣሉ፣ ሚዛኑን ዛፉ ላይ ሰቅለውታል፤ ያልበሰለ ከጠየቅሃቸው «ይኼ ገና ነው፣ ሳምንት ተመለስ» ብለው ከነቅርንጫፉ ያሳዩሃል። እናቴ ግን የራሷ ማሳ ኖሯት አያውቅም። ከጊራና የሚመጣውን በማዳበሪያ ከረጢት ማለዳ ተረክባ፣ በሣፋ ደርድራ፣ ሸራ ወጥራ ትውላለች። አጠገቧ ሌሎች አሥር ሴቶች አሉ። ልጆቹ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ብቻ የሚታዩ ናቸው፤ ግን ሁልጊዜም እዚያው ኩርባ ላይ፣ እዚያው ቁልቋል ሥር።

ጉሊትን «የእርሻ ሱቅ» ማለት ስህተት ነው? ስህተት ከሆነ ምን ልበለው? የሥራ ሰዓቱንስ? እኔ «12:00-12:00» ብዬ ነበር የሞላሁት።

ደሴ ሆጤ

ሰላም እህቴ። ያጠፋውን ሰው አትቀየሚው፤ ግን ዘዴው ትክክል አልነበረም። ጉሊት በአየር ፎቶ አይታይም። ፎቶው የስንት ዓመት እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ሸራ ተፈልጎ ታጣ ተብሎ ቦታ አይጠፋም። አንቺም ስትሞዪ «በአካል አይቼ» ብለሽ ምንጩን ብትጽፊ፣ መጨረሻ ያየሽበትንም ቀን በ«ቼክ_ዴት» ብታስቀምጪ ቢያንስ አስቀድሞ ይጠይቅሽ ነበር።

መለያውን በተመለከተ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፦ ሻጩ ፍሬው የወጣበትን ዛፍ በጣቱ ሊያሳይሽ ይችላል? ያ አባት ይችላሉ። የእሳቸው «ሾፕ=ፋርም» ነው፣ ምንም ጥያቄ የለውም። «ፕሮድዩስ» (ምርት) የሚለው ላይ ብርቱካን ብለሽ ጨምሪበት፤ ማሳውንም «ላንድዩዝ=ኦርቻርድ» (የፍራፍሬ ማሳ) ብለሽ ብትስዪው ሙሉ ይሆናል።

ተቀብሎ የሚቸረችር ግን አትክልት ቤት ነው። ግድግዳ ስለሌለው ብቻ ሌላ አይሆንም። ብቻውን ቋሚ ቦታ ላይ የሚውል ከሆነ «ሾፕ=ግሪንግሮሰር» ላይ «ስትሪት_ቬንደር=የስ» (የመንገድ ዳር ሻጭ) ጨምሪ። የእናትሽ ዓይነት፣ አሥራ አንድ ሴቶች በመደዳ የሚውሉበት ከሆነ ግን አሥራ አንድ ነጥብ አታድርጊው። አንድ ቦታ ነው፤ «አሜኒቲ=ማርኬትፕሌስ» (የገበያ ቦታ) ብለሽ ዙሪያውን ሳዪው። ነገ አንዷ ብትቀር ሌላዋ ብትመጣ ካርታው አይዋሽም። ባቲን ተመልከቺ፤ ስንት ሺህ ሰው ከአፋር፣ ከኦሮሞ፣ ከአማራው ግመልና እህል ይዞ ይገናኛል፣ ካርታው ላይ ግን የሚሆነው አንድ ገበያ ነው፣ ቀኑም ሰኞ ተብሎ ይጻፋል። የአንቺም ያው ነው፣ መጠኑ ይለያል እንጂ።

ሰዓቱ ላይ ስህተት አለ። ካርታው የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ማለት «06:00-18:00» ነው። ወሩም እንደዚያው፤ ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ሰዓቱ በስድስት ሰዓት የተዛባ ሱቅ ደሴ ውስጥም ስንቱን አርሜያለሁ።

አንድ ነጥብ ላይ የሻጯን ሙሉ ስም ጽፈሽ አይቻለሁ። እባክሽ አንሺው። ደንብ አስከባሪ የሚያሳድዳት ሴት ስሟና መቀመጫዋ ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ከባሕር ማዶ

እኔም የሐይቅ አካባቢ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ጀርመን ነው። «ሾፕ=ፋርም» የሚለው መለያ በአውሮፓ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅም ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ሲጀመር የተሞላው በዚያ አገር ዓይን ነው። እዚህ «ሆፍላደን» የሚሉት ገበሬው ግቢው ውስጥ የከፈተው ሱቅ ነው፤ ድንች፣ እንቁላል፣ አይብ ይሸጣል። አንዳንዱ ሻጭ እንኳ የለውም፦ መደርደሪያና የገንዘብ ሣጥን ብቻ፤ ወስደህ ዋጋውን ትጥላለህ። ያኛው «ሰልፍ_ሰርቪስ=የስ» ይጨመርበታል። ወተትና እንቁላል የሚሸጥ ማሽንም አለ፣ እሱ ሌላ መለያ አለው።

ለበለስ ልጆች የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። በጸደይ ስፓርገል የሚባል አትክልትና እንጆሪ የሚሸጥባቸው ትንንሽ ጎጆዎች በየመንገዱ ዳር ይቆማሉ። የስፓርገሉ ወቅት በልማድ ጁን 24 ያበቃል፤ ጎጆው ይነሣል፣ በዓመቱ እዚያው ይመለሳል። ስለዚህ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው ዋናው። የእኛዎቹ ኩርባዋ ላይ ከተመለሱ «ሲዝናል=ዌት_ሲዝን» ማለት ይቻላል፤ የዝናብ ወቅት ማለት ነው፣ ለእኛ ክረምት ከፈረንጅ «ሰመር» ይልቅ እሱ ይስማማል። አንድ ክረምት ብቻ አይተሽ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ጠብቂ።

አይሱዙ ወሎ

መምህርት፣ እኔ ሾፌር ነኝ፤ ከኮምቦልቻ ወልድያ እመላለሳለሁ። ካርታ የምጠቀመው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው፣ ይህንኑ ካርታ ያለ ኔትወርክ የሚያሳየው ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባል መተግበሪያ ስልኬ ላይ አለ። ለእኔ ዋናው ነገር ነጥቡ በየትኛው ጎን እንደሆነ ነው። በስተግራ ያለውን በስተቀኝ ካደረጉት ሰው አስፋልት ሊያቋርጥ ይሞክራል፣ እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ መኪና አይምርም። ኩርባ ላይ ያሉትን የበለስ ልጆች እባክዎ አይሙሏቸው። እዚያ ቁም የሚል ካርታ ልጅ ያስገጫል። ቀጥ ያለው ላይ፣ ጠርዙ ሰፋ ያለበት ላይ ያሉትን ይሙሉ።

ሌላው፣ በረመዳን ብዙዎቹ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው የሚወጡት። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ስለሚሸሽ ሰዓቱን በዚያ መጻፍ ዋጋ የለውም፣ ግን ቀን ሄዶ «የለም» የሚል ሰው ይህን ይወቀው።

የመርሳ ልጅ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። እንደነገራችሁኝ ሠርቼ ተመልሻለሁ።

የሾፌሩ ወንድሜ ነገር ልቤን ነካው። ኩርባው ላይ የነበሩትን አምስቱን እንዳጠፉ ትቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለቱ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ናቸው፣ እነሱን ለሚመጣው ሐምሌ በማስታወሻዬ ይዣለሁ። የሻጯን ስም ያኔውኑ አንስቻለሁ።

የብርቱካኑን አባት ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ሰው ከመጣ ምን ከፋኝ» አሉ፤ ግን ያለ ወቅቱ የሚመጣ እንግዳ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ እንድጽፍ አጥብቀው ነገሩኝ። ወሩን ቆጥረን ወደ ፈረንጅ ለውጠን ሞላነው።

ከዚያ ወደ እናቴ ሄድኩ። እሷና ጓደኞቿ ሣፋቸውን እየደረደሩ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። አንዷ ወዲያው «እኔን አታስገቢኝ» አለች፣ ደንብ አስከባሪ ሁለት ጊዜ ሸራዋን ወስዶባታል። ሰው አይገባም፣ ቦታው ብቻ ነው ብዬ የሣልኩትን መስመር ሳሳያት ረጋች። ስሙን ምን ልበለው ስላቸው ሁሉም እኩል «ሾላው ሥር!» አሉ። ለካ መርሳ ውስጥ ሰው ሲላላክ «ሾላው ሥር ሂድና ፓፓያ አምጣ» ነው የሚለው፤ እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ተልኬያለሁ፣ ግን የቦታ ስም መሆኑን አስቤው አላውቅም። እናቴ «ዛፉን ጻፊው፤ እኛ እናረጃለን፣ እሱ ግን ይቆያል» አለችኝ። ዛፉን «ናቹራል=ትሪ» ብዬ ለብቻው፣ መደዳውን ደግሞ «ማርኬትፕሌስ» ብዬ፣ ስሙን «ሾላው ሥር» ብዬ በአማርኛ አስገብቻለሁ። በየትኛው ጎን እንደሆነም አረጋግጫለሁ፤ ከደሴ ለሚመጣ በስተቀኝ ነው።

አሁን የቀረኝ የሐይቁ ዓሣ ነው። እዚህ ዓሣ አጥማጁ ራሱ ያጠመደውን አስፋልት ዳር በገመድ አንጠልጥሎ ይሸጣል። ሆጤ፣ በአንተ መለኪያ ሐይቁን በጣቱ ያሳየኛል፤ ግን ሐይቅ ማሳ ነው? «ሾፕ=ሲፉድ» ላይ «ስትሪት_ቬንደር=የስ» ልጨምር እያሰብኩ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ወርጄ አያቸዋለሁ፤ እስከዚያ የሚቃወም ካለ ይጻፍልኝ።