ጥቆማ፦ አሻራ በቀለም ወይስ በማሽን? ሐዋሳ ላይ ላላችሁ

አሻራ ተጠይቃችሁ «የቱ ይሻላል?» ለምትሉ ሁሉ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ብር የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን።

ለፋይዳ (ለብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው) ምርጫ የለም። በማሽን ነው፦ የአስሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ። ምዝገባው ነፃ ስለሆነ ለምዝገባ ክፈሉ የሚላችሁን አትስሙ።

ማሰብ የሚያስፈልገው አሜሪካ ኖሮ የተመለሰና ከኤፍቢአይ የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ነው። ከዚህ በፖስታ የሚላከው የወረቀት ካርድ ነው። በማሽን ቢነሳም ካርድ ላይ ታትሞ መውጣት አለበት። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ እኔ ቀለም እመርጣለሁ፤ ግን በባለሙያ እጅ! ካርዱ ላይ 14 ሳጥን አለ። አስሩ ለየጣቱ ናቸው፤ አራቱ ደግሞ ጣቶቹ ሳይንከባለሉ ቀጥ ብለው የሚጫኑባቸው። በአስሩ ላይ ጣቱ ከጥፍር ጥግ እስከ ጥፍር ጥግ ይንከባለላል፣ አንዴ ብቻ። ወደ ኋላ ከተመለሰ የአሻራው መስመር ይደራረባል። እጃችሁን ዘና አድርጉና አንሺው ራሱ ያንከባልለው። ቀለም ሲበዛ በመስመሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ይደፈናል። የማህተም ቀለም ይዞ «ና ላንሳህ» የሚል ሁሉ አይታመንም፤ የሚፈለገው ጥቁር የማተሚያ ቀለም ነው። ሁለት ካርድ አሠሩ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ማሽን ደስ የሚለው ጥፋቱን እዚያው መናገሩ ነው። አሻራው ከደበዘዘ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ወዲያው ይደገማል። በቀለም ግን ካርዱ ውድቅ መሆኑን የምትሰሙት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ያንገበግባል። የማሽን ችግር ያው የምናውቀው ነው፦ መብራት ሄደ፣ «ሲስተም የለም»፣ ነገ ተመለሱ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ።

አሞራ ገደል ዓሣ የምታጸዱ፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የምትነኩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ «ማሽኑ አላነበበውም» ስትባሉ ተስፋ አትቁረጡ። በሥራ ብዛት የተፋቀ የጣት መስመር እጅ ትንሽ ቀን ሲያርፍ ይመለሳል። እስከዚያ ማታ ማታ ቫዝሊን ተቀቡ። በዕለቱ ግን ምንም አትቀቡ፤ ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ውሃ ውስጥ ውሎ የተጨማደደ ጣት በማሽንም በቀለምም ጥሩ አይወጣም። ወረፋ በዝቶ አንሺው ቢቸኩልባችሁ እንኳ «ይደገምልኝ» ከማለት አትፈሩ።