በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ የሚሰነጠቀውን የባሌት ልብስ ቀለም በተመለከተ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሥዕልና የመድረክ አልባሳት ባለሙያዎች፣

ለአንድ አነስተኛ የዳንስ ዝግጅት የልብስ ንድፍ እያዘጋጀሁ ሲሆን፣ መነሻ ያደረግሁት ሩሲያዊው ሠዓሊ ሌዮን ባክስት በሰርጌ ዲያጊሌቭ ይመራ ለነበረው ባሌ ሩስ ለተሰኘ የባሌት ቡድን የሠራቸውን ንድፎች ነው። ባክስት በእርሳስ ነድፎ በውሃ ቀለምና በጓሽ (ወፍራምና ብርሃን በማያሳልፍ የውሃ ቀለም) ከሞላ በኋላ ጌጡን በወርቅማና በብርማ ቀለም ያደምቅ ነበር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ብዙዎቹን ተወዛዋዦች በእንቅስቃሴ ላይ እንዳሉ ስለሚስላቸው፣ ጨርቁ ሰውነት ሲዞር እንዴት እንደሚሆን ከወረቀቱ ላይ ማየት መቻሉ ነው።

የተቸገርኩት ንድፉን ወደ ጨርቅ ሳሸጋግር ነው። የቡድኑ ተወዛዋዥ ቫስላቭ ኒጂንስኪ በ1912 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በፋውን (ከፊሉ ሰው፣ ከፊሉ ፍየል በሆነ የአፈ ታሪክ ፍጡር) ገጸ ባሕርይ ሲቀርብ የለበሰው፣ ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው ልብስ ቡናማ ነቁጦች ነበሩት። እኔም ተመሳሳይ ነቁጦችን ከፖሊስተርና ከላይክራ በተሠራ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ በአክሪሊክ ቀለም ስቀባ፣ ተወዛዋዧ ጉልበቷን ባጠፈች ቁጥር ቀለሙ ይሰነጠቅና በስንጥቁ መካከል ነጩ ጨርቅ ብቅ ይላል። በውሃ ሳቀጥነው ስንጥቁ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የነቁጡ ጠርዝ ይሰራጫል፣ የንድፉም ጥርት ያለ መልክ ይጠፋል።

ጨርቁን ወጥሮ መቀባት ይሻላል ወይስ ተወዛዋዧ ለብሳው ሳለ? ከአክሪሊኩ ጋር የሚደባለቀው የጨርቅ ቀለም ማለስለሻ (ፋብሪክ ሚዲየም) መጠኑ ምን ያህል ቢሆን ይመረጣል? በካውያ ከተተኮሰ በኋላስ ላብና እጥበት ይችላል? በእጃችሁ የሞከራችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።