መምህር ለተማሪ ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?

የኬጂ ሚስ፦ እስቲ ፍረዱኝ። አዲስ አበባ ኬጂ 2 ነው የማስተምረው፣ ክፍሌ ውስጥ 34 ልጆች አሉ። ባለፈው ማክሰኞ የአንዲት ልጅ መቅረጫ ጠፋ። አጠገቧ ያለውን ልጅ ጠቆመች፣ እኔም ሳላጣራ ጥግ አቆምኩት። አላለቀሰም። "አልወሰድኩም" ብቻ አለ። ሌሎቹ ወጥተው ሲጫወቱ እሱ የሀ ሁ ገበታውን እያየ ቆመ። ከሰዓት ቾክ ልፈልግ ጋውኔ ኪስ እጄን ብከት መቅረጫው እዚያ አለላችሁ! ጠዋት እርሳስ ቀርጬላት የከተትኩት ራሴ ነኝ። በማግስቱ ልጁን ፊት አውጥቼ፣ ሁሉም እየሰሙ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሁለት ወላጆች ዳይሬክተሯ ጋ ሄደው ከሰሱኝ፣ "ነገ ልጆቻችን እኛንም ይቅርታ ጠይቁን ሊሉን ነው" ብለው። ክብሬን ጣልኩ?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ አዎ ጥለሻል። 31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ስትሳሳቺ ለብቻው ጠርተሽ አይዞህ ትይውና ታልፊያለሽ፣ አለቀ። ሕፃናት ሰብስበሽ አጥፍቻለሁ ካልሽ ነገ ስትቆጪ ማን ይሰማሻል? "ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት" የተባለው በከንቱ አይደለም።

የሁለት ልጆች አባት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥግ ያቆመችው እኮ ሁሉም እያዩ ነው። በአደባባይ ሌባ ተብሎ በጓዳ ነፃ የሚወጣ ሰው አለ? እርስዎን እንዲህ ቢያደርጉዎት ዝም ይላሉ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ እዚህ አሜሪካ ቤቴ ውስጥ ልጆች እጠብቃለሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ። ልጅን ስታናግሪ ተንበርከኪ፣ ዓይንሽ ከዓይኑ ይግጠም ይሉናል። መጀመሪያ ጉልበቴን ከማሳመም ሌላ ምን ጥቅም አለው እል ነበር። አንድ ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ አሻንጉሊት ስሰበስብ ባለቤቴ ከላይ ቆሞ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ደነገጥኩ። አልተቆጣም እኮ፣ ቁመቱ ነው። ግን ሚስ፣ ይቅርታም ይረክሳል። እኔ ጋ ያለ አንድ ልጅ ይነክስና "ሶሪ" ይላል፣ ዞሮ ደግሞ ይነክሳል። ሶሪ ካልክ ተከፈለ ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።

የኬጂ ሚስ፦ ልክ ነሽ፣ እኔንም እዚያ ላይ ነው የያዘኝ። ይቅርታ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እሺ ሚስ። ግን ትናንት ያመለጠኝ ጨዋታስ?" የምመልሰው አጣሁ። ለትልቅ ሰው ይቅርታ ስትጠይቂው "ኧረ ምንም አይደል" ይልሻል፣ ውስጡ እያረረም ቢሆን። ይሄ ግን ሒሳቡን ጠየቀ! ሸርተቴው ላይ ሙሉ እረፍቱን ቀዳሚ ተራ ሰጠሁት። ወዲያው ከኋላ አንዱ "ሚስ፣ እኔንም ጥግ አቁሚኝ!"

ነገረኛው፦ ሃሃሃ ያ ልጅ ነጋዴ ነው የሚሆነው። ግን ልጆች መምህሮቻችን ናቸው ምናምን የሚለው ወሬ ይሰለቸኛል። ሚስ ያላጣራችው ትሕትና ጎድሏት አይደለም፣ 34 ልጅ ለአንድ ሰው ስለተሰጣት ነው። አስር ልጅ ቢኖራት ኪሷን ትፈትሽ ነበር። ረዳት ስጧት፣ ከዚያ ስለ ሕይወት ትምህርት እናወራለን።

የኬጂ ሚስ፦ ረዳት የለኝም፣ እውነት ነው። ግን እሱን ጥግ ለማቆም ጊዜ አላጣሁም።

የሕግ ተማሪ፦ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው። ይሄ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጡረተኛው፦ እሱ ስለ ዱላ ነው የኔ ልጅ፣ ግድግዳ ሥር መቆም ዱላ አይደለም። እናንተ ሕግ ስታነቡ እኛ ሰው እናወጣ ነበር። ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሒሳቤን ከፈለልኝ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ባይገርፉኝ ሰው አልሆንም ነበር" አለኝ። ይሄን ምን ትሉታላችሁ?

የሁለት ልጆች አባት፦ እሱ ከፈለልዎት፣ እሰየው። በስህተት የመቱት ልጅስ የለም? እሱ ታክሲ ውስጥ ቢያገኝዎት ሰላም የሚልዎት ይመስልዎታል?

(ጡረተኛው እስከ ማታ ዝም አለ።)

ጡረተኛው፦ አለ። 1978 ላይ፣ ሞጆ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸው አንድ ዓይነት። ታናሹን የቤት ሥራህን ወንድምህን አሠራህ ብዬ በአለንጋ ገረፍኩት። ራሱ እንደሠራው በማግስቱ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ እጁን አውጥቶ አያውቅም፣ መልሱን እንደሚያውቀው ግን ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር። በክፍል ፊት ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም ያልኩትን አሁንም አልለውጥም። ግን ለብቻውም ጠርቼ አይዞህ አላልኩትም።

የኬጂ ሚስ፦ ጋሼ፣ ከወላጆቹ ጋር የምንቀመጠው ነገ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌ የለኝም። ይምጡልኝ።

ጡረተኛው፦ እመጣለሁ። የምደግፈው ግን አንቺን እንዳይመስልሽ።